አውሮፕላኑ ሳይነሳ የሚሠራ ሕክምና

የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ ለሕክምና ተማሪዎችና ለጠቅላላ ሐኪሞች ነው። «ልጄ ዶክተር ሆነ፤ አሁን ደግሞ በምን ስፔሻላይዝ ያድርግ ይሆን?» እያሉ ለሚጨነቁ ወላጆችም ይሆናል። የምናወራው ስለ አቪዬሽን ሕክምና እና ሕሙማንን በአየር ስለማጓጓዝ ሥራ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከቦሌ በድሪምላይነር ተነስታችሁ ወደ ዋሽንግተን ስትጓዙ፣ አብራሪው ሠላሳ ምናምን ሺህ ጫማ ላይ መድረሳችሁን ሲያበስር፣ የምትተነፍሱት አየር ከአዲስ አበባ አየር የሳሳ ነው ወይስ የወፈረ? አብዛኛው ሰው «የሳሳ ነው» ይላል። መልሱ ተቃራኒው ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,324 ሜትር ላይ ነው፤ በአብራሪዎች አነጋገር 7,625 ጫማ። ድሪምላይነሩ፣ ማለትም ቦይንግ 787፣ ደግሞ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ በካቢኑ ውስጥ ያለው ግፊት 6,000 ጫማ ላይ ካለው ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ የተሠራ ነው። 6,000 ጫማ ማለት የባሕር ዳር ከፍታ ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ የአዲስ አበባው ሰው ሳንባ ቁልቁል ባሕር ዳር ወረደ ማለት ነው። የቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች እንኳ የካቢናቸው ጣሪያ 8,000 ጫማ ነው፤ ከቦሌ የሚበልጠው መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ይህ ለእኔና ለእናንተ የምሥራች ነው። በአንጻሩ ጋምቤላ ሆስፒታል ለተኛ የሳንባ ሕመምተኛ ነገሩ ሌላ ነው። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲባል በአውሮፕላንም ይምጣ በአምቡላንስ፣ መድረሻው ራሱ ከፍታ ነው። ለንደን ወይም ሞምባሳ የሚወርድ ሕመምተኛ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ወፍራሙን አየር መልሶ ያገኛል። አዲስ አበባ ለሚወርድ ግን መልሶ የሚያገኘው ነገር የለም። ስለዚህ ነው የበረራ ሕክምና ለኢትዮጵያ ሐኪም የሩቅ አገር ቅንጦት አይደለም ብዬ የምከራከረው። የሥራው ዋና ነገርም አየር ላይ የሚደረግ ጀግንነት አይደለም። አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ «ይህ ሰው ይበር፣ ይህ ሰው አይበር» ብሎ መወሰን ነው። ወደ ዝርዝሩ ስንገባ ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሙያው የተወለደው ከሞት ነው። በ1875 በሚያዝያ ወር ሦስት ፈረንሳውያን «ዜኒት» በተባለ ፊኛ ተሳፍረው ወጡ። ከ8,000 ሜትር በላይ ደረሱ። ኦክስጅን ይዘው ነበር፤ ነገር ግን ቱቦውን ወደ አፋቸው የሚወስዱበት አቅም ያጡት ኦክስጅን በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ነው። ክሮሴ-ስፒኔሊ እና ሲቬል ሞቱ፤ ጋስቶን ቲሳንዲየ ብቻ ተረፈ። ቲሳንዲየ በኋላ የጻፈው ነገር ዛሬም ለእያንዳንዱ አብራሪ ይነገራል፦ በዚያ ከፍታ ላይ ሥቃይ አልነበረም። እንዲያውም ደስ ደስ ይል ነበር። የኦክስጅን እጥረት ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየውን ሳያስጨንቀው አእምሮውን ይወስድበታል። ሦስቱን ያማከራቸው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፖል ቤር ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ አየር ግፊት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የዛሬው የበረራ ሕክምና መሠረቱን ያገኘው ከዚያ ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ 2005 ልውሰደው። በእኛ ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ከላርናካ ወደ አቴንስ የሚበር የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ነበር። የካቢኑን ግፊት የሚቆጣጠረው ማብሪያ በራሱ እንዲሠራ ከሚያደርገው ቦታ ተነስቶ በእጅ መቆጣጠሪያ ላይ እንደተተወ ተነሳ። አብራሪዎቹ የማስጠንቀቂያ ድምፁን ሰምተዋል፤ ምን እያለ እንደሆነ ግን አልለዩትም። ሊለዩት በሚሞክሩበት ሰዓት የሚያስቡበት ኦክስጅን እያለቀባቸው ነበር። አውሮፕላኑ ነዳጁ እስኪያልቅ በራሱ በረረ፤ 121 ሰው አለቀ። በ35,000 ጫማ ላይ ግፊት ቢጠፋ አንድ ጤነኛ ሰው በትክክል አስቦ የሚሠራበት ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ነው። የበረራ አስተናጋጆች «መጀመሪያ ለራስዎ ጭምብሉን ያድርጉ፣ ከዚያ ለልጅዎ» የሚሉት ለዚህ ነው። እናት ይህን ስትሰማ ሆዷ አይቀበለውም፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቃትም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሐኪም በዚህ ዓለም ውስጥ ብዙ በር አለው። ሰፊው በር የአብራሪዎች ጤና መርማሪነት ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ወሬ የሚወራለትም እሱ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ አይካኦ፣ የጤና ምርመራውን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። አንደኛው ደረጃ ለአየር መንገድና ለንግድ አብራሪዎች፣ ሁለተኛው ለግል አብራሪዎች፣ ሦስተኛው ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ነው። የአየር መንገድ አብራሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ 60 ዓመት ሲሞላው በየስድስት ወሩ ይሆናል፤ 65 ሲሞላ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ መንገደኛ ጭኖ ማብረር ያበቃል። ይህን ምርመራ ማንኛውም ሐኪም ማድረግ አይችልም። የየአገሩ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ፣ በእኛ አገር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ አሠልጥኖ ወይም ሥልጠናውን አረጋግጦ የሰየመው ሐኪም መሆን አለበት። በአሜሪካ አብዛኞቹ መርማሪዎች የራሳቸው ክሊኒክ ያላቸው የቤተሰብ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ናቸው። መንግሥት ደሞዝ አይከፍላቸውም፤ ክፍያውን የሚከፍለው ተመርማሪው አብራሪ ነው። በዳላስም ሆነ በሲያትል ክሊኒክ ላላቸው ሐበሻ ሐኪሞች ይህ ሥራቸውን ሳይለቁ የሚጨምሩት ሙያ ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ዋናው የሥልጠና ማዕከል ኦክላሆማ ሲቲ ነው።

ምርመራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዓይን ይታያል፣ በነጠብጣብ የተሞሉት የኢሺሃራ ሰሌዳዎች ቀርበው ቀለም የመለየት ችሎታ ይፈተናል፣ ጆሮ በድምፅ መለኪያ ይለካል፣ የልብ ኤሌክትሪክ ይነሳል፣ ሽንት ለስኳር ይታያል። ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በተለመደው ክሊኒክ ሕመምተኛ ሕመሙን አጋንኖ ይነግራችኋል። ዕረፍት የሚፈልገው «ወገቤ ተሰበረ» ይላል። የአብራሪ ክሊኒክ ውስጥ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁሉም ጤነኛ ነው! ብዙ ገንዘብ ያወጣበት፣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ሥራ በሐኪሙ ብዕር ላይ ተንጠልጥሏል። ደረቱን ወጋ አድርጎት ቢሆን እንኳ የሚናገር ጥቂት ነው።

በእኛ ባህል ደግሞ ይብሳል። ሐኪሙ «ካፒቴን፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን ዶክተር፣ በጣም ደህና ነኝ።» «ቤተሰብ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» እዚህ ላይ ያቆመ መርማሪ ምንም አልመረመረም። ጎበዙ መርማሪ ጥያቄውን ያዞረዋል። የመጨረሻው የሌሊት በረራ ወደ የት እንደነበረ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሳ፣ ባለቤቱ ስለ ማንኮራፋቱ ምን እንደምትል። ከማንኮራፋት ወደ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ፣ ከዚያ ወደ ደም ግፊት፣ ከዚያ ወደ ልብ ይደርሳል። ይህ በመጽሐፍ የሚማሩት ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር ጨዋታ መቻልን ይጠይቃል።

ውሳኔው ራሱ በሒሳብ የሚመራ ነው። በብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ መለኪያ አለ፦ ሁለት አብራሪ ባለበት አውሮፕላን ላይ አንድ አብራሪ በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ በድንገት ከሥራ ውጭ የመሆን ዕድሉ ከመቶ አንድ ከበለጠ ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ታሟል ወይ?» ብሎ አይደለም። የልብ ቧንቧው የተከፈተለት ሰው፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው እንኳ በጥናትና በክትትል ሊበር ይችላል። የሚጠይቀው «ይህ ሕመም አውሮፕላኑን በሚያሳርፍበት ሰዓት ድንገት ይጥለዋል ወይ?» ብሎ ነው። ከሐኪም ቤት አስተሳሰብ የተለየ አስተሳሰብ ነው፤ የሚወደውም የሚጠላውም ሐኪም አለ። ሕመምተኛን በማዳን ብቻ የሚረካ ሰው እዚህ ይሰለቻል፤ አልደብቅም።

በአእምሮ ጤና ጉዳይ ግን ሒሳቡም ሕጉም ይፈተናል። በ2015 መጋቢት ወር የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ካፒቴኑ ከኮክፒት በወጣበት ሰዓት በሩን ከውስጥ ዘግቶ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ ከአልፕስ ተራራ ጋር አጋጨው። 150 ሰው ሞተ። ምርመራው እንዳሳየው ሐኪሞች የሕመም ፈቃድ ጽፈውለት ነበር፤ ወረቀቱን ለአሠሪው አላሳየም። ያከሙት ሐኪሞችም የሕመምተኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለባቸው ለአቪዬሽን ተቆጣጣሪው አልተናገሩም። የዚህ ታሪክ ቀላሉ ትምህርት «ሐኪሞች ምስጢር ማውጣት አለባቸው» የሚለው ነው። እኔ ይህ ብቻውን ነገሩን ያባብሰዋል ባይ ነኝ። ሐኪሙ ሁሉን እንደሚናገር ያወቀ አብራሪ ጭራሽ ሐኪም ጋር አይሄድም፤ መድኃኒቱንም ሳይወስድ ይበራል። የአሜሪካው የአቪዬሽን አስተዳደር በ2010 አራት ዓይነት የድባቴ መድኃኒቶችን እየወሰዱ ለሚበሩ አብራሪዎች፣ በጥብቅ ክትትል፣ በር የከፈተው ይህን አስቦ ነው። አውሮፓ ደግሞ ከጀርመንዊንግስ በኋላ አየር መንገዶች አብራሪ ለአብራሪ የሚደጋገፍበት ፕሮግራም እንዲኖራቸው አስገደደች። አብራሪ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደክሞኛል፣ ከፍቶኛል» የሚለው ለሐኪም ሳይሆን ለጓደኛው ነው፤ ሐኪሙ ከጀርባ ሆኖ ይመራል። ይህን ሥራ የሚሠሩ የአእምሮ ሐኪሞች በዓለም ላይ ገና ጥቂት ናቸው። ሳይካያትሪ ለምትማሩ ወጣቶች፣ ይህን አስቡበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ አየር መንገድ ሐኪም አጭር ልበል። ትልልቅ አየር መንገዶች ሐኪም የሚቀጥሩት ሠራተኛን ለማከም ብቻ አይደለም። ታሞ የሚጓዝ መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት የሚሞላ የሕክምና ቅጽ አለ፤ ያንን አንብቦ «ይሳፈር፣ በኦክስጅን ይሳፈር፣ ከሐኪም ጋር ይሳፈር፣ አይሳፈር» የሚለው እሱ ነው። ለሕክምና ወደ ባንኮክ፣ ወደ ዴልሂ፣ ወደ ኢስታንቡል የሄደ ዘመድ ያላችሁ አድማጮች ይህን ቅጽ ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት ተማርራችሁበታል። ቅጹ ላይ «በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና አድርጓል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወግ አይደለም። አንዳንድ የሬቲና ሕክምና ሲደረግ በዓይን ውስጥ ጋዝ ይጨመራል። ጋዙ አየር ላይ ሲሰፋ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ጀሶም እንዲሁ፤ ትኩስ ስብራት ላይ የታሠረ ጀሶ ሳይሰነጠቅ መብረር እግርን ሊያሳጣ ይችላል።

በበረራ ላይ ለሚታመሙ መንገደኞች ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጠው በሬዲዮና በሳተላይት ስልክ የሚያማክሩ ሐኪሞች አሉ። በ2013 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከአንድ እንዲህ ያለ ማዕከል የመጡ 11,920 ጥሪዎችን ተመለከተ። በአምስት አየር መንገዶች ላይ ከ604 በረራ በአንዱ ጥሪ ነበር። ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው ራስን መሳት ወይም ለመሳት መቃረብ ነው። ወደ ሌላ ማረፊያ እንዲዞር የተደረገው ከመቶ ሰባት ያህሉ ብቻ ነው። «ሐኪም አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠራ ከግማሽ ጥቂት በሚያንሰው ጊዜ ሐኪም መንገደኛ ተገኝቷል። አሜሪካ በ1998 ባወጣችው ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ በጎ ፈቃደኛ ሐኪም የክስ ከለላ ሰጥታለች። ከዚህ በላይ ያለውን ሌላ ቀን እናነሳዋለን፤ ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት፣ ሕመምተኛን ይዞ መብረር።

ጅምሩን ሁልጊዜ አውስትራሊያ ነው የምንለው፤ ልክም ነው። ጆን ፍሊን የተባለ ቄስ በ1928 ግንቦት ወር በኩዊንስላንድ ክሎንከሪ ከተማ የመጀመሪያውን በራሪ ሐኪም አስነሳ፤ አውሮፕላኑን የተከራየው ከካንታስ አየር መንገድ ነበር። ለሬዲዮ ሰው ደስ የሚለው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በረሃ ውስጥ ያለ ገበሬ ሐኪም የሚጠራው በምን ይሁን? አልፍሬድ ትሬገር የተባለ የአደሌድ ሰው እንደ ብስክሌት በእግር እየተረገጠ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ሠራ። ያ ሬዲዮ ባይኖር ሐኪሙ ማን እንደታመመ እንኳ አያውቅም ነበር። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ በ1957 ማይክል ዉድ፣ አርቺባልድ ማኪንዶ እና ቶም ሪስ የተባሉ ሦስት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ናይሮቢ ላይ አምሬፍ የተባለውን የሕክምና ድርጅት መሠረቱ። የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች ዛሬም ከናይሮቢ ዊልሰን ማረፊያ እየተነሱ የምሥራቅ አፍሪካን ሕሙማን ያመላልሳሉ።

የእኛ ታሪክ ግን ከናይሮቢ ይቀድማል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጣሊያን በወረረን ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጓድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። አብሮት የመጣው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መድኃኒትና ቁስለኛ በአውሮፕላን ያመላልስ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1928 ጓዱ መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ ተደበደበ። በመጋቢት ደግሞ ኮረም ላይ ቆሞ የነበረ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት አውሮፕላን በጣሊያን አውሮፕላኖች ተመታ። ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋም ሠርቷል። በመጨረሻም በእኛ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴኑ ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ። ይህን ታሪክ ለሕክምና ተማሪዎች የሚያስተምር ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራውን በቅርበት እንየው። ወደ ጋምቤላ እንመለስና ሌላ ሕመምተኛ እንውሰድ። የመኪና አደጋ ነው፤ ጎድኑ ተሰብሮ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ጥቂት አየር ገብቷል። ጋምቤላ ላይ ይህ አየር ትንሽ ነው፤ ሰውየው ይናገራል። አዲስ አበባ ሲደርስ ያው አየር በሩብ ያህል ሰፍቶ ሳንባውን ይጫነዋል። ድሬዳዋ ላይ ጠጥታችሁ ክዳኗን የዘጋችኋት ባዶ የውኃ ላስቲክ ቦሌ ላይ ምን ያህል እንደምትወጠር ያየ ይህን ይረዳዋል። ስለዚህ በራሪው ሐኪም የደረት ቱቦውን የሚያስገባው መሬት ላይ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ተጎንብሶ፣ በጩኸትና በንዝረት መካከል ይህን ልሥራ ማለት ድፍረት ሳይሆን የዝግጅት ጉድለት ነው።

በማሽን ለሚተነፍስ ሕመምተኛ በመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ ያለችው ትንሽ ፊኛም ትሰፋለች፤ የመተንፈሻ አካሉን ውስጠኛ ግድግዳ ልታቆስል ትችላለች። ስለዚህ ግፊቷ ይለካል፣ ሲወጡ ይቀነሳል፣ ሲወርዱ ይሞላል። ማዳመጫውን ደግሞ እርሱት፤ ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚያሰማችሁ የለም። ደረቱ እኩል ይነሳል ወይ የሚለውን በዓይን፣ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማሽን ትከታተላላችሁ።

ኦክስጅኑ ደግሞ በእርሳስና በወረቀት ይሰላል። ሕመምተኛው በደቂቃ 10 ሊትር ይፈልጋል እንበል። በረራው አንድ ሰዓት ቢሆንም ሐኪሙ የሚያሰላው ከአልጋ እስከ አልጋ ነው። ከሆስፒታል ወደ ማረፊያው፣ ጥበቃው፣ በረራው፣ ከዚያ የአዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ፤ ሦስት ሰዓት ነው። 180 ደቂቃ በ10 ሲባዛ 1,800 ሊትር። ለድንገተኛ ነገር እጥፉ ይያዛል፤ 3,600 ሊትር። አንዱ አነስተኛ ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር 680 ሊትር ገደማ ይይዛል። ስድስት ሲሊንደር ማለት ነው። ስድስት ሲሊንደር ደግሞ ክብደት አለው፤ ክብደቱን ሰምቶ አብራሪው «ዶክተር፣ በዚህ ሙቀትና በዚህ ማኮብኮቢያ አይሆንም» ሊል ይችላል። ሐኪሙ ያኔ ወይ አስታማሚውን ያስቀራል፣ ወይ ሌላ አውሮፕላን ይጠይቃል። ልጇ ብቻውን እንደሚሄድ ለእናት መንገር ከሲሊንደሩ ይከብዳል።

በባሕር ዳርቻ አገሮች አንድ መፍትሔ አለ። አብራሪው ዝቅ ብሎ እየበረረ ካቢኑን በባሕር ወለል ግፊት ያቆየዋል፤ ነዳጅ ይበላል እንጂ ይቻላል። ጅቡቲ ላይ ጠልቆ ሲዋኝ የናይትሮጅን አረፋ በደሙ የተፈጠረበትን ሰው በዚህ መንገድ መውሰድ ይቻላል። ያንን ሰው ግን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይገባም፤ ካቢኑ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ቦሌ ላይ በሩ መከፈቱ አይቀርም። እዚህ ላይ የሐኪሙ ጥበብ ሌላ ከተማ መምረጥ ነው።

ስለ ደኅንነትም አንድ ነገር። በብዙ የሄሊኮፕተር አገልግሎቶች ለአብራሪው ሕመምተኛው ማን እንደሆነ አይነገረውም። ሕፃን ይሁን፣ ነፍሰ ጡር ትሁን አያውቅም። የሚጠየቀው ስለ አየሩ ጠባይ ብቻ ነው፤ ሆዱ ተላውሶ ወደ ደመና እንዳይገባ። ለመሄድ ደግሞ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ነርሷ ብቻዋን «ደስ አላለኝም» ካለች በረራው ይቀራል፤ ለምን አልሽ ተብላ አትገሠጽም። በእኛ ሆስፒታሎች ነርስ በስፔሻሊስት ላይ «አይሆንም» የምትልበት ባህል ምን ያህል እንዳለ እናንተው ፍረዱ። አገልግሎቱን ለመጀመር አውሮፕላን ከመግዛት ይልቅ ይህን ማስለመድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል ብዬ እፈራለሁ።

ሥራ የት አለ ለሚለው፣ አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በጀርመንና በስዊዘርላንድ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ላይ ሐኪም የግድ ይሳፈራል። በአሜሪካ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበሩት ነርስና ፓራሜዲክ ናቸው፤ ሐኪሙ ፕሮቶኮሉን የሚጽፍ፣ በስልክ የሚያዝ፣ ሥራውን የሚገመግም የሕክምና ዳይሬክተር ነው። ሄሊኮፕተር ላይ እወጣለሁ ብሎ አሜሪካ የሄደ ሐኪም ቅር ሊለው ይችላል። በገልፍ አገሮችና በአፍሪካ ደግሞ ሕሙማንን ከአገር ወደ አገር በጄት የማመላለስ ሥራ አለ። በተለመደ የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ አንድ ሕመምተኛን አጅቦ መሄድም አለ፤ ለወጣት ሐኪም ልምድ የሚቀስምበት ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ለማጓጓዙ ሥራ መጀመሪያ የድንገተኛ፣ የሰመመን ወይም የጽኑ ሕሙማን ሐኪም መሆን ይሻላል፤ በረራው ከላይ የሚጨመር ነው። በእኛ አገር የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ መሠረቱ እዚሁ አለ ማለት ነው። የኒውዚላንዱ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ሕክምናንም ሕሙማንን በአየር ማጓጓዝንም በርቀት ያስተምራል፤ ሥራ ሳይለቁ የሚማሩት ነው። ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በአቪዬሽን ሕክምና ዲፕሎማ ይታወቃል። ባንጋሎር የሕንድ አየር ኃይል ተቋም አለ። በአሜሪካ ሙሉ ስፔሻሊቲ ነው፤ ከ1953 ጀምሮ በመከላከል ሕክምና ቦርድ ሥር የታወቀ ሲሆን ጋልቨስተንና ዴይተን ከሚሰጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ከዚያ የሚወጡት አንዳንዶቹ ሂዩስተን ሄደው ጠፈርተኞችን ይከታተላሉ። መርማሪ ለመሆን ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ኮርስ ይጀመራል። የመጀመሪያው እርምጃ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚቀበል መጠየቅ ነው።

እስከዚያው ድረስ ጋምቤላ፣ ሰመራ ወይም ጎዴ ላላችሁ ሐኪሞች አንድ አደራ አለኝ። ነገ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የምትጽፉለት ሕመምተኛ በአምቡላንስ ቢሆንም ወደ 2,300 ሜትር ነው የሚወጣው። ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ደረቱ ውስጥ፣ አንጀቱ ውስጥ፣ የራስ ቅሉ ውስጥ የታሰረ አየር እንዳለ እዩ። ያለ ኦክስጅን ጋምቤላ ላይ 92 የሚያሳይ የደም ኦክስጅን መለኪያ አዲስ አበባ ምን እንደሚያሳይ አስቡ። ሲሊንደሩን ከአልጋ እስከ አልጋ አስሉ፤ ስሌቱንም በሪፈር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ለሹፌሩና ለነርሷ ጻፉላቸው፣ ሲሊንደር የሚቀየርበትን ሰዓት ጭምር።